ከሐይቁ ሥር የቀሩ መረቦች

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ልጅ፣

ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ጎረቤት ይሰውርሽ። ደህና ነን ብዬ ለመጻፍ እጄ እሺ አላለኝም፤ ብቻ ቆመን እንሄዳለን። እናትሽም ወገቧን እያመማት ቆማ ትሄዳለች። ሰላም ብላሻለች።

ስልክ ይደውልልኝ ብለሽ በሰው ልከሽብኛል። እኔ በስልክ አልነጋገርም። አንዱ ጆሮዬ ደንቁሯል፤ ደግሞም በስልክ የተባለ ነገር ነገ አልተባለም ይባላል። ወረቀት ግን ቃሉን ይዞ ይቆያል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አምና ከነጋዴ የገዛሁት መረብ ዓይኑ ሦስት ጣት ነው፤ ሦስት ጣቴን አስገብቼ ለክቼዋለሁ። ክሩ ጠንካራ ነው፣ አይከፋም። ግን ዓሣው አንሷል። በሦስት ጣት ዓይን፣ በበር እንደሚገባ ሰው ገብቶ ይወጣል። ትናንት ከፀጥታው ጋር ከንጋት እስከ ቀትር ደክመን ያወጣነው ዓሣ አንድ ባልዲ አልሞላም። ፀጥታውን መቼም አትረሺውም፤ አፉ ሲያርፍ ታይቶ ስለማያውቅ ነው ስሙን ያወጣንለት። እሱ እንኳ ትናንት እስክንመለስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም የደነገጥኩት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ሁለት ጣት ዓይን ያለው ላኪልኝ። አንድ ጣት ተኩል ከተገኘም ይሻላል። ክሩ ያኔ የላክሽው ዓይነት፣ ውሃ ውስጥ የማይታየው ነጩ ናይለን ይሁን፤ ርዝመቱ ከመቶ ክንድ አይነስ። አንቺ መረብ ቤት ውስጥ ተቀምጠሽ እኔ መረብ መለመን አልነበረብኝም። አባትሽ ሲሞት በሰባት ዓመትሽ ተቀብዬ ያሳደግኩሽ፣ መርፌና ክር አስይዤ ዛሬ የምትተዳደሪበትን ሙያ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ውለታ ልቆጥርብሽ አይደለም። ሰው ይረሳል፤ ላስታውስሽ ብዬ ነው።

መልስሽን ከመረቡ ጋር እጠብቃለሁ።

አጎትሽ


ኅዳር 20

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎ እንዲበረታ፣ የእናቴም ወገብ እንዲድን ፈጣሪን እለምናለሁ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መረቡን አልልክም።

ይህን ቀድሜ የጻፍኩት እስከ መጨረሻው መስመር እየፈለጉት እንዳይደክሙ ነው።

በዚህ በሰው አገር የምሠራበት ቤት ወደቡ ዳር ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ ሆኖ ከጣራው መረብ የሚሰቀልባቸው ብረቶች ወርደዋል። ስቀጠር ሃያ ሁለት ሰዎች ነበርን። ዛሬ ሦስት ቀርተናል፤ አለቃችን፣ መነጽሯን በክር ያሰረች አንዲት አሮጊትና እኔ። ባለፈው ወር በሙሉ የሠራነው የእግር ኳስ ግብ መረብ ነው፤ ለትምህርት ቤቶች። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ስለሌለ የሚጠገን መረብ የለም። ጀልባዎቹ ከውሃ ወጥተው ሣር በቅሎባቸዋል፤ በአንዷ ውስጥ ድመት ወልዳለች። ባሕሩ ግን አለ። ዓይን እስኪደክም ድረስ ውሃ ነው፤ ባዶ ውሃ።

አሮጊቷ እሷ ሥራ ስትጀምር የመረቡ ዓይን አምስት ጣት እንደነበረ ነገረችኝ። ዓሣው ሲያንስ አራት አደረጉት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። «ዓሣው ሲያንስ ዓይኑን አጠበብን፤ ዓይኑን ስናጠብ ደግሞ ዓሣው አነሰ» ነው ያለችኝ። በመጨረሻ ከሩቅ የመጡ ትልልቅ መርከቦች የባሕሩን ወለል እንደ መጥረጊያ ጠርገውት ሄዱ። ሰው ሁሉ እነዚያን መርከቦች ነው የሚረግመው። መርከቦቹ የወሰዱት ግን ትርፍራፊውን ነው።

በሁለት ጣት ዓይን የሚያዝ ዓሣ ገና አንዴም እንቁላል ያልጣለ ነው። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ልጅ ሆኜ ጣት የምታህል ዓሣ ይዤ ስመጣ ጆሮዬን ይዘው ወደ ውሃው ያስመለሱኝ እርስዎ ነዎት። ያ ሰውዬ የት ሄደ?

ሌላው ነገር፣ ስለ እናቴ የጻፉልኝ አንድ መስመር ነው። ስለ መረቡ ግን የዓይኑን ስፋት፣ ርዝመቱን፣ የክሩን ቀለም ሳይቀር ጽፈዋል። ሐኪም አይቷታል ወይ? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 18

ለአስተማሪዬ፣

ፈጣሪ ዕውቀትሽን ያብዛልሽ፤ ለእኔ ግን ከእሱ አይቁረስልኝ።

ደብዳቤሽን ለፀጥታው አነበብኩለት። ድመቷ ስንት ወለደች ብሎ እስኪደክመው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከወንዙ በላይ የአትክልት እርሻ መጥቷል። አምስት ፓምፕ አለው፤ ቀን ከሌት ውሃ ይጠጣል። ተራራውን መንጥረው ስላረሱት ዝናብ በጣለ ቁጥር አፈሩ ወርዶ ሐይቁን ያደፈርሰዋል። ጎህ ሲቀድ ከቤቴ በር ላይ ሆኜ እጄን እታጠብበት የነበረው ውሃ ዛሬ ሁለት መቶ እርምጃ ሸሽቷል። በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገልም ተቆርጦ ሊያልቅ ነው፤ ዓሣው እንቁላሉን ይጥል የነበረው ደንገሉ ሥር ነው። ይህ ሁሉ አልታይሽ ብሎ የእኔን ጣት ትለኪያለሽ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሻል ይህ ነው።

ደግሞስ እኔ ብተው ማን ይተዋል? ዛሬ የማርኩትን ዓሣ ነገ ጎረቤቴ በአጎበር ያወጣዋል። አዎ፣ በአልጋ አጎበር። ለወባ ተብሎ የታደለውን እየቀጠሉ ሰፍተው ነው የሚያጠምዱበት። ከአጎበር እንኳን ዓሣ ትንኝም አያመልጥም።

አሁን ደግሞ አንቺ ያላወቅሽውን ልንገርሽ። የዛሬ ስድስት ዓመት በዚህ ሐይቅ ላይ ነጭ ናይለን የሚባል ነገር አልነበረም። ሁላችንም የምናጠምደው በጥጥ ክር መረብ ነበር። ዓሣው ያየዋል፣ ግማሹ ይሸሻል፤ መረቡም ቢበዛ በሁለት ዓመት ይበሰብሳል። የመጀመሪያው ናይለን የመጣው ከአንቺ እጅ ነው። ስድስት ጥቅል። እኔና ፀጥታው ሌላው በወር የሚያወጣውን በሳምንት አወጣን። ሰው ቀና። ከየትም ከየትም እያለ አመጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ ናይለን ያልጫነ ጀልባ ጠፋ። ስለዚህ ሐይቁን ማን አራቆተው ብለሽ ስትጠይቂ መጀመሪያ መስታወት ፊት ቁሚ።

እናትሽን ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ። ከባድ ነገር አታንሺ ተብላለች፤ ታነሳለች። ይኸው ሁለት መስመር ጻፍኩልሽ።

አጎትሽ


መጋቢት 6

ለአጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

መረቡን የላክሁት ሊጠቅማችሁ ብዬ ነው። ዓይኑም አራት ጣት ነበር። አጥብቡት ያልኩት እኔ አይደለሁም። ስለ እርሻውና ስለ ደኑ የጻፉት እውነት ነው፤ አልክድም። ግን የእርሻው ፓምፕ ላይ የእኔም የእርስዎም እጅ አይደርስም። መረቡን ግን ጠዋት ጠዋት በገዛ እጅዎ ነው ውሃ ውስጥ የሚጥሉት። ጎረቤቴ አይተውም ብለውኛል። ጎረቤትዎም ይህንኑ ስለ እርስዎ ይላል። ሐይቁም በሁለታችሁ መሃል ያልቃል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከስድስቱ ጥቅል ዛሬ በእጅዎ ያለው ስንቱ ነው? ድንጋይ ይዞት፣ ማዕበል በጥሶት ከታች የቀረው ስንት ነው? የጥጥ መረብ ከታች ሲቀር ይበሰብሳል። ናይለን አይበሰብስም። ማንም ሳይጎትተው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል። የተያዘው ይሞታል፤ የሞተውን ሊበላ የመጣው ደግሞ ይያዛል። እዚህ ከባሕር ወለል የወጣ የሃያ ዓመት መረብ አይቻለሁ። ለብቻው፣ ባለቤት ሳይኖረው፣ ሃያ ዓመት ሲያጠምድ የኖረ ነው። ውስጡ አጥንት ብቻ ነበር።

መረብ አልላክሁም። የላክሁት ብረት ነው፤ አራት ጥፍር ያለው መንጠቆ። በገመድ አስራችሁ ወለሉን ስትጎትቱበት የቀረውን መረብ ይይዝላችኋል። ሥራውን ከጀልባ ላይ ሆናችሁ ሥሩት፤ ጠልቆ የሚፈታ ሰው እንዳይኖር። በእኔ መናደድ ካማረዎትም እየጎተቱ ይናደዱ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 21

ሰላምታ የለኝም። እናትሽም አልላከችም።

ፀጥታው ሞቷል።

ብረትሽ ሰኞ ደረሰኝ። ከተጠቀለለበት አውጥቼ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው ደገፍኩበት። መረብ ተለምኖ ብረት የላከ ሰው ምን ይባላል እያልኩ ለፀጥታው ነገርኩት፤ እሱም ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ወሬ አገኘ።

ረቡዕ ዕለት በጥልቁ በኩል፣ ድንጋዩ ወደ ሐይቁ በገባበት አጠገብ መረብ ጣልን። ከነጋዴ ያገኘሁት ሁለት ጣቱ መረብ ነው፤ አዲስ። ልናነሳው ስንጎትት ከታች አንድ ነገር ያዘው። ወዲያ ዞርን፣ ወዲህ ዞርን፣ እምቢ አለ። ቁረጠው አልኩት። ይህን መናገሬን ፈጣሪ ያውቃል። አዲስ መረብ በዋዛ አይቆረጥም ብሎ ልብሱን አወለቀ። እያወራ ነው የገባው። ስለ ሚስቱ ወንድም ጫማ ነበር ወሬው፤ የቀረውን ስወጣ እጨርስልሃለሁ አለኝ።

ጠበቅኩ። ገመዱን ወዘወዝኩ። ከዚያ ጮህኩ። ሌሎች ጀልባዎች መጡ፤ ሁለት ሰዎች ጠልቀው ባዶ እጃቸውን ወጡ። በመጨረሻ አንዱ ሮጦ ከቤቴ በር ሥር ብረትሽን አመጣ። ያወጣነው በእሱ ነው።

ከደረቱ እስከ እግሩ በመረብ ተጠቅልሎ ነበር። የእኔ አዲሱ መረብ አልነበረም። አሮጌ ነው፣ አረንጓዴ ለብሷል፣ በየዓይኑ የዓሣ አጥንት ተሰክቶበታል። ጀልባው ላይ አስተኝቼው ከእጁ ላይ በቢላ ስፈታ ቋጠሮውን አየሁት። በሰማያዊ ክር የተጠገነ፣ ሁለቴ ዞሮ ወደ ግራ የሚጠብቅ ቋጠሮ። በዚህ ሐይቅ ላይ ወደ ግራ የሚቋጥር ሰው የለም። ልጅ ሆነሽ ስንት ጊዜ ተቆጣሁሽ፤ ወደ ቀኝ አልል አልሽኝ።

ለሚስቱ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። ለአንቺ ግን ነገርኩሽ። ተሸከሚው።


ሰኔ 3

ለአጎቴ፣

የፀጥታውን ነፍስ ፈጣሪ ያሳርፍልን። ለእርስዎም የሠላሳ ዓመት ጓደኛዎ ነው፤ ያጽናዎት። ከዚህ በላይ የማጽናኛ ቃል ብጨምር ከእኔ አፍ አያምርም።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ሥራ ገብቼ የግብ መረብ ስቋጥር ዋልኩ። አመሻሽ ላይ አሮጊቷ የቋጠርኩትን ሁሉ አየችና ምን ሆነሻል አለችኝ። ዓይኑ አንዱ ሰፍቶ አንዱ ጠቦ ነበር። ፈታሁት።

በመጋቢት «ሊጠቅማችሁ ብዬ ነው» ያልኩዎት ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ደብቄዎታለሁ። ያን ዓመት ነጭ ናይለን በዚህ ወደብ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ዓሣውን የጨረሰው እሱ ነው ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ተነገረው፤ እኔም እዚያው ፊት ተቀምጬ ሰምቻለሁ። አለቃችን የቀረውን ሰብስባችሁ አቃጥሉ ሲል በጓሮው በርሜል ውስጥ ማቃጠል ጀመርን። ስድስቱን ጥቅል ግን ከክምሩ ሥር መዝዤ ደበቅኩ። የተቀደደውን በምሳ ሰዓት እየጠገንኩ፣ ለእነሱ ያልበጀ ለእኛ ይበጃል ብዬ ላክሁት። ምን እንደሚያደርግ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የእኛ ሐይቅ ሰፊ መስሎኝ ነበር። ደግሞም እርስዎ እንዲያመሰግኑኝ ፈልጌ ነበር። ወደዚህ ከመጣሁ አንድም ቀን አመስግነውኝ አያውቁም ነበርና።

እርስዎ ለማንም አልነገርኩም ብለዋል። እኔ ግን እንዲነገር እፈልጋለሁ። ከዚህ ጋር የታጠፈው ሌላው ወረቀት ለዓሣ አጥማጆች ማኅበር የጻፍኩት ነው። ከላይ ያለውን ሁሉ ይዟል። የፀጥታው ሚስት ባለችበት ይነበብ። እኔ ፈቃድ የማገኘው ነሐሴ ላይ ነው፤ እስከዚያ ከቆየ ግን ከታች በቀረው መረብ ሌላ ሰው ይያዛል ብዬ ፈራሁ።

አይፍረዱብኝ አልልም። ግን ሁለት ጣቱን መረብ ዛሬም የሚጥሉ ከሆነ፣ ፍርዱን ለሌላ ሰው ይተዉት።

የወንድምዎ ልጅ


ሐምሌ 11

ለወንድሜ ልጅ፣

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ወረቀትሽን ሁለት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ሁለት ጊዜ ልቀደው ነበር። ሁለት ጣቱን መረብ ከዚያን ዕለት ወዲህ አልጣልኩትም፤ ይህን የምነግርሽ ደስ እንዲልሽ አይደለም፤ ጠይቀሻልና ነው።

ማኅበሩ እሑድ ተሰበሰበ፣ ሚዛኑ ባለበት መጋዘን ውስጥ። አርባ ሰው ይሆናል። የፀጥታው ሚስት ከበሩ አጠገብ በተገለበጠ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። እናትሽ ደግሞ አጠገቧ፣ አንገቷን ደፍታ። ተነስቼ አነበብኩት። የአንቺን ቃል አላሳጠርኩም፣ አላለሰለስኩም። ሰማያዊውን ክር፣ የግራውን ቋጠሮ ጨምሬ ተናገርኩ። ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ አፉን ከፈተ። አንቺን የረገመ አለ። እናትሽን ገላምጦ ያየ አለ፤ እሱን እኔ አየሁት፣ ዓይኑን መለሰ። ሊቀመንበሩ ይህ በቃለ ጉባኤ ባይጻፍ ይሻላል አለ።

ያን ጊዜ መቀመጥ ነበረብኝ። አልተቀመጥኩም።

አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። ያኔ ዕቃሽ ሲደርስ በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ አንድ ካርቶን ታስሮበት ነበር። ከክምሩ ስትመዢው ሳታይው ቀርተሽ ይሆናል፤ ወይም አይተሽ ማን ያነበዋል ብለሽ ይሆናል። ጽሑፉ የባዕድ ነው፤ አላውቀውም። ከጽሑፉ በላይ ግን የዓሣ ሥዕል አለ፣ በዓሣው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ሥዕል ለማንበብ ትምህርት አያስፈልግም። ስድስቱንም ቆርጬ ምድጃ ውስጥ ከተትኩ። ለፀጥታው እንኳ አላሳየሁትም፤ ቢያይ አገር ያውቀዋል ብዬ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው መስታወት ፊት ቁሚ የምልሽ።

ይህንኑ በመጋዘኑ ውስጥ ተናገርኩ።

  የፀጥታው ሚስት ከሣጥኑ ተነስታ ከታች ገና ስንት መረብ አለ ብላ ጠየቀችኝ። ከአንቺ ስድስት ጥቅል አንዱ እሱን ይዞ ወጣ፣ አንዱ ቤቴ አለ፣ አራቱ እዚያው ናቸው፤ የሌላውን ሰው ማን ይቆጥረዋል አልኳት። ሰዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ልጅቷ ትምጣ። አፏን አይደለም፣ እጇን ይዛ ትምጣ።» ወጥታ ሄደች።

እሷ ከወጣች በኋላ ጥቂት ደንገል የቀረበት ጎን ለአራት ወር ዓሣ እንዳይጠመድበት ይዘጋ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። በሁለት ድምፅ ብልጫ አለፈ። የተቃወሙት ቀላል ሰዎች አይደሉም። በነጋታው የጀልባዬን ገመድ ቆርጠውት ጀልባውን ማዶ ሄዶ አገኘሁት። የእርሻው ፓምፖች ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ ይጠጣሉ፤ ማኅበሩ አቤቱታ ጽፏል፣ መልስ የለም። ስለዚህ ሐይቁ ድኗል ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። አልዳነም።

እስካሁን በብረትሽ አሥራ አንድ መረብ አውጥተናል። ከአሥራ አንዱ ውስጥ ሁለቱ የአንቺ ናቸው። በአንደኛው ውስጥ ጢማም ዓሣ ነበር፣ ክንዴን የሚያህል፣ በሕይወት ያለ። እንዲህ ያለ ካየሁ አራት ዓመቴ ነው። ቆርጬ ለቀቅኩት። ሲለቀው እጄን ጠላሁት፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ።

ይቅርታ አልጻፍኩልሽም። አንቺም አልጻፍሽልኝም። በዚህ እኩል ነን፤ ይቆይ።

ነሐሴ ስትመጪ ከወደባችሁ ወፍራም ጓንት ካለ ሁለት ጥንድ ያዢ። ናይለን በውሃ ለራሰ እጅ ምሕረት የለውም። እናትሽ ክፍልሽን ጠርጋለች። የፀጥታው ሚስት የምትመጪበትን ቀን ጠይቃኛለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ልቀበልሽ አልወጣም። መንገዱን ታውቂዋለሽ።

አጎትሽ